ግንዱን ጥለን ዶላር ፍለጋ!

ወንድ ሆኖ ስለ ሞዴስ ይጻፋል ወይ የሚለኝ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ እናትና እህቶች ያሉት ሰው ስለ ዳቦ ዋጋ ከጻፈ ስለዚህም መጻፍ አለበት። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ሞዴስ ለብዙ ቤት እንደ ቅንጦት ዕቃ ሆኗል። አሮጌ ጨርቅ አጣጥፋ ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ አልያም ጭራሹኑ የምትቀረው ልጅ የማን ልጅ ናት?

ለመሆኑ ሞዴስ ውስጡ ምንድን ነው? ጥጥ ይመስላል፤ ግን በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ፣ ተፈጭቶ የሳሳ ፐልፕ ነው። ዋናው ምንጩ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚበቅለው የፓይን ዛፍ ነው። እዚሁ አገር የሚመረተው ሞዴስም ፐልፑን የሚያገኘው በዶላር ነው።

አሁን አርባ ምንጭን እንመልከት። የሙዝ ግንድ አንዴ ካፈራ አበቃ፤ ሌላ ፍሬ አይሰጥም። ዘለላው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲፈተለክ ግንዱ ይገነደሳል። ጥቂቱን ከብት ይበላዋል፣ የቀረው ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ይህ ግንድ ታዲያ ቃጫ አለው! ተፍቆና ደርቆ፣ ሊግኒን የተባለው ሙጫ መሰል ነገር ሲቀነስለትና እንደ ጥጥ ሲነደፍ ፈሳሽ ይመጥጣል።

ቅዠት ነው የሚል ካለ ሩዋንዳን ይጠይቅ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሳስቴይነብል ሄልዝ ኢንተርፕራይዝስ በንጎማ ወረዳ ከሙዝ ግንድ ሞዴስ ሠርቷል። በህንድ አህመዳባድ ሳቲ የተባለው ኩባንያም እንዲሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሲሳል ቅጠል የወጣ ቃጫ በገበያ ላይ ካለው ሞዴስ ውስጠኛ ክፍል የበለጠ ፈሳሽ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ኡጋንዳዊው ዶክተር ሙሳዚማ ከደንገልና ከውዳቂ ወረቀት ነው የሠሩት። ጣና ላይ ታንኳ የምንሠራበት ያው ደንገል!

የእኛም አገር ሰው አልተኛም። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ሞዴስ እየሠራች በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላለች። ግን ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት ሰፈር አጥቦ ማድረቁ ራሱ ጭንቅ ነው። የሚጣለውም ያስፈልጋል።

ችግሩ የት ነው? ግንዱ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ጭኖ ወደ ከተማ ማምጣት የናፍጣ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መፋቂያውና ማድረቂያው ማሳው ዘንድ ይሂድ። ሪባን ለመቁረጥ እንዲመች አዲስ አበባ ዙሪያ ሼድ እንሥራ የሚሉትን አንስማ! ሙያው እንደሆነ አዲስ አይደለም፤ የጉራጌና የሲዳማ እናቶች እንሰት ሲፍቁ ቃጫውን ለይተው ሲያወጡ ነው የኖሩት። ንጽሕናው ላይ ግን ቀልድ የለም። በወጉ ያልደረቀ ቃጫ ይሻግታል፤ የሻገተ ነገር ደግሞ ገላ አይነካም። ደረጃ ወጥቶለት፣ ተመርምሮ ይሸጥ።

ባለሥልጣኖቻችን ማርች 8 በመጣ ቁጥር ካርቶን ሞዴስ ይዘው ካሜራ ፊት ከሚቆሙ፣ አንዱን ዓመት እንኳ ያንን ገንዘብ ለአንድ የጋሞ ገበሬዎች ማኅበር መፋቂያ መግዣ ቢያበድሩትስ? ለግንዱም ገበሬው በኪሎ ይከፈለው። «ድሮም የሚጣል ነው» እያለ በነፃ ሊያግበሰብስ የሚመጣው ደላላ ከአሁኑ ይታየኛል።