አበባዋን ከጫካዋ የነጠለ ሕግ

ነጯ ትሪሊየም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የኦንታሪዮ መለያ አበባ ናት፤ ምልክቷም በመንግሥቱ ደብዳቤዎች ላይ ይታያል። የቅርብ ዘመዷ ትሪሊየም ፍሌክሲፔስ ግን በካናዳ ምድር የምትገኘው በደቡብ ምዕራብ ኦንታሪዮ ጥቂት ጫካዎች ብቻ ሲሆን፣ ለመጥፋት እንደተቃረበች ተመዝግባለች። ከዘመዶቿ ለመለየት በፀደይ፣ በምታብብባቸው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በአበባዋ መሃል ያሉትን ጥቃቅን ክፍሎች ቀርቦ መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ የአንድን ዝርያ መኖሪያ የሚተረጉመው ዝርያው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሕይወቱን የሚመሠርትበት ስፍራ አድርጎ ነበር። ጁን 5 ቀን 2025 ቶሮንቶ ውስጥ በኩዊንስ ፓርክ የጸደቀው ሕግ ግን ለቫስኩላር ዕፀዋት ይህን ትርጉም በእያንዳንዱ ተክል ዙሪያ ወዳለው ወሳኝ የሥር ክልል አጥብቦታል።

የደጋፊዎቹ ክርክር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። የቤት እጥረቱ የቶሮንቶን ነዋሪ፣ ሐበሻውንም ጨምሮ፣ አስጨንቋል፤ የግንባታ መጓተትም ዋጋ ያስከፍላል። ሆኖም ከባዱን ኪሳራ የሚያመጣው የመኖሪያው ስፋት ብቻ ሳይሆን የመረጃው መዘግየት ነው፤ ተክሏ የምትታወቀው መሬቱ ከተገዛና ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ከሆነ ሁሉም ይከስራል። ጥበቃ ከግኝት በኋላ ብቻ ሲጀምር ደግሞ ለባለመሬቱ አለመፈለግ ያዋጣዋል።

የሥር ክልል ይህን ችግር አይፈታም። ትሪሊየም ከዘር ተነሥታ ለማበብ 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ዘሯን ጉንዳኖች ያጓጉዛሉ፣ ጥላ የሚሰጧት ዛፎች ናቸው። ዙሪያዋ ከተመነጠረ የቆመችው ተክል ለጥቂት ዓመታት ትቆይ ይሆናል፤ ዘሯ የሚበቅልበት መሬት ግን አይኖርም።

የተሻለው መንገድ ጥናቱን ማስቀደም ነው። መሬት ለግንባታ ከመመደቡ በፊት፣ በአበባ ወራት፣ በመንግሥት በጀት የዕፀዋት ዳሰሳ ቢካሄድ ገንቢው የት መሥራት እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ ጫካውም አይቆራረስም። ወጪው የሕዝብ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ጥቅሙም የሕዝብ ነውና።

የጎንደርና የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ይህን ለኢትዮጵያውያን አስተምረዋል። የዙሪያው ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ አገር በቀል ዛፎች በደብሩ ቅጥር ውስጥ የተረፉት፣ ዐፀዱ በሙሉ ስለተከበረ እንጂ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ስለተጠበቀ አይደለም። በኦንታሪዮ ድምፅ የሚሰጡ ኢትዮጵያውያን ካናዳውያን ከእንደራሴዎቻቸው ሁለት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፦ የቀድሞው የመኖሪያ ትርጉም እንዲመለስና ለዳሰሳው በጀት እንዲመደብ።