የካዛንቺስ እሑድ ለቤተሰብ ይከፈት

ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ በካዛንቺስ በኩል መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም አፍሪካ አዳራሽ ለመድረስ ሳይቸኩሉ በእግር ቢሄዱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በዚህች አጭር መንገድ ዙሪያ ሁለት ቤተ መንግሥቶች፣ ሁለት ሙዚየሞች፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበት ስታዲየምና ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ፍልውሃ ይገኛሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች፣ አረንጓዴ ሥፍራዎችና የልጆች መጫወቻዎች ተጨምረዋል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከነጎረቤቶቹ ልጅ ይዞ ለመውጣት ብዙ ያለው አካባቢ ሆኗል። ጋዜጣችን የሚጠይቀው ይህ ሁሉ በእሑድ ቀን ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ፣ ከሁሉም በላይ ከዚሁ ሰፈር ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳር ለሄደው ነዋሪ፣ በአቅሙ የሚደርስበት መዝናኛ እንዲሆን ነው።

ካዛንቺስ ባዶ ሜዳ ላይ የተሠራ መናፈሻ አይደለም። የዛሬው ሣርና የእግረኛ ንጣፍ ያረፈበት መሬት እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የሰው ጓዳ፣ የጋራ ግቢ፣ የእድር ድንኳን መትከያ፣ የጉልት መደብ ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛውረዋል። የቤታቸው ሁኔታ ከቀድሞው የተሻለላቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ ማኅበራዊ ኑሯቸው፣ ደንበኛቸውና ጉርብትናቸው የተበተነባቸውም አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን በመነሣቱ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። የተሠራው ነገር የማን መሆን እንዳለበት ግን ዝም የምንልበት ጉዳይ አይሆንም። እዚያ ሰፈር ተወልዶ ኳስ ያንከባለለ ልጅ ዛሬ በቀድሞው ደጁ ላይ የተተከለውን ዥዋዥዌ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያየው ከሆነ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም።

ከገላን ጉራ ካዛንቺስ መምጣት ለአንድ ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ሆነው ታክሲ እየቀያየሩ ሲመጡና ሲመለሱ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን ሽርሽሩን ያስቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን አውቶቡስ ነው። የከተማው አስተዳደር ለሥራ ቀናት የሚያሰማራቸው የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች አሉት። ከነዚህ ጥቂቶቹ እሑድ እሑድ ጠዋት ከገላን ጉራ ተነስተው ካዛንቺስና መስቀል አደባባይ አድርሰው፣ አመሻሽ ላይ መልሰው ቢያደርሱ ምን ይከብዳል? በዑራኤልና በእስጢፋኖስ የሚሳለሙ፣ የማኅበር ጽዋቸውን እዚያው የተዉ እናቶች ቀዳሚዎቹ ተሳፋሪዎች እንደሚሆኑ ከወዲሁ መናገር ይቻላል። ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም ቀኑ የነሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመግቢያ ዋጋ ነው። በጎረቤት ያለው የአንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ ሕዝቡ የተቀበለው በደስታ ነበር። ፓርኩ ያለበት የምኒልክ ግቢ ለዘመናት ተራው ሰው በአጥሩ ሥር እያለፈ ውስጡን የማያውቀው ግቢ ነውና። ይሁንና ያኔ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የተቆረጠው መደበኛ መግቢያ 200 ብር ነበር። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። አባት፣ እናትና አያት ብቻ እንኳ ቢገቡ 600 ብር፣ ማለትም የአንዱ ዝቅተኛ ተከፋይ ደመወዝ ከግማሽ በላይ ይወጣል። ዝቅተኛው ደመወዝ በ2017 ወደ 4,760 ብር ከፍ ቢልም የጤፉ፣ የዘይቱና የታክሲው ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ለአንበሶች ቀለብ፣ ለአትክልተኛና ለጥበቃ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አንክድም። ከውጭ የሚመጣ ጎብኚና ኪሱ የሚችል ሰው ይክፈል። በወር አንድ እሑድ ግን በመንግሥት እጅ ያሉት መናፈሻዎች፣ ቤተ መንግሥቶችና ሙዚየሞች በሙሉ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በነጻ ይከፈቱ፤ ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በማንኛውም ቀን አይክፈል። ፓሪስ ያለው ሉቭር እንኳ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ አያስከፍልም። የለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም፣ በርካታ የኢትዮጵያ ቅርሶችን እንደያዘ፣ ለመጣው ሁሉ መግቢያው ነጻ ነው። የመቅደላ ታቦት ያለበትን ሕንጻ የለንደን ልጅ ሳይከፍል ሲገባ የቂርቆስ ልጅ የአያቶቹን ግቢ ለማየት ብር መቁጠር የለበትም።

መስቀል አደባባይን እንመልከት። ሰኔ 2013 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ከሥሩ ለመኪና ማቆሚያ፣ ከላዩ ለሰው ሰፊ ቦታ አግኝቷል። እሑድ ጎህ ሲቀድ የተገኘ ሰው የሚያየው የከተማዋን ሕይወት ነው። ሯጮች ደረጃውን በአግድም እየዞሩ ይወጣሉ፤ እግር ላይ ጎማ አድርገው ስኬት የሚማሩ ልጆች ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፤ አባት የልጁን ብስክሌት ኮርቻ ይዞ እያጎነበሰ ይሮጣል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ግን ሕፃን የያዙት ይበተናሉ። ምክንያቱ ፀሐይ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ትለበልባለች፤ አደባባዩ ደግሞ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። የደመራ በዓል የሚከበርበት፣ ታላቁ ሩጫ የሚነሳበት ቦታ በመሆኑ መሐሉ ክፍት ሆኖ መቆየት እንዳለበት እንስማማለን። ዳር ዳሩን ግን ጥላ ያላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ የሚጠጣ የቧንቧ ውኃና እሑድ የማይቆለፍ መጸዳጃ ቤት ሊኖር ይገባል። በኮሪደር ልማቱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች መሠራታቸው ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ቀኑን ማራዘም ወይም ወደ ቤት መመለሱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ እናቶች ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቁታል።

ምግብም አለ። የኛ ቤተሰብ ሲወጣ ምሳውን ይዞ ነው። እንጀራው በሞሰብ ወይም በፕላስቲክ እቃ ተጠቅልሎ፣ ሻዩ በፔርሙስ፣ ዳቦ ቆሎው በፌስታል። ይህ ባህላችንም አቅማችንም ነው። በየመናፈሻው ካፌ መኖሩ መልካም ሆኖ ሳለ ከቤት የመጣ ምግብ በር ላይ ሊመለስ አይገባም። ምሳ የሚበላበት ሣርና የቆሻሻ መጣያ ይዘጋጅ፤ ቆሻሻውን ያልሰበሰበ ይቀጣ፤ ምሳ ይዞ የመጣ ግን በክብር ይግባ።

በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ሁለት ሙዚየሞች እንደ ሩቅ አገር ሳይታዩ ይቀራሉ። የአዲስ አበባ ሙዚየም የተቀመጠበት የራስ ብሩ ቤት ከእንጨት በረንዳው ጀምሮ ልጅ የድሮዋን ከተማ የሚረዳበት ነው። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ የተገደሉ ወጣቶች ፎቶግራፍና አጽም ስላለ ለሕፃን የሚሆን አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ግን ከወላጁ ጋር ሊያየው ይገባል። በአስጎብኚነት ካገለገሉት መካከል ራሳቸው ከዚያ እልቂት የተረፉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በሕይወት እያሉ ልጆቻችን ከአፋቸው መስማት አለባቸው። ጊዜው እያለፈ ነው።

ይበልጥ የሚያንገበግበን ግን አፍሪካ አዳራሽ ነው። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተበረከተው ይህ ሕንጻ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ንክሩማ፣ ናስር፣ ኔሬሬና ሴኩ ቱሬ የተገኙበት ጉባኤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ያጸደቀው እዚህ ነው። በመግቢያው ያለው የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሞላል። ሥራው ሦስት ክፍል ነው፤ አፍሪካ የነበረችበትን፣ ከዚያ ለመውጣት የታገለችውንና የምትመኘውን ያሳያል። ከውጭ በኩል ሲታይ መስታወቱ ጥቁርና ደብዛዛ ነው። ውስጥ ገብቶ ፀሐይዋ ከጀርባው ስትመጣ ግን ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ልጅ እጁን ዘርግቶ ብርሃኑን መዳፉ ላይ ሊቀበል ይችላል። በስዕል መጽሐፍ ይህን ማስተማር አይቻልም።

አዳራሹ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 ዳግም ተመርቋል። ለጎብኚ ምቹ ማድረግ የእድሳቱ አንዱ ዓላማ ነበር። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት በመሆኑ ፍተሻው ጥብቅ መሆኑ ይገባናል። መፍትሔው ቀጠሮ ነው። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮና ኮሚሽኑ ተስማምተው በየሳምንቱ አንድ ቋሚ ቀን ለከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይመደብ፤ ቅድሚያውም ለቂርቆስ ልጆች ይሁን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስረዳ አስጎብኚ ይኑር። በየዕለቱ በአጥሩ አጠገብ ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፍ ተማሪ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጨርስ አይገባም። ከፊት ለፊቱ ያለው የብሔራዊ ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተሠራው ይህ ቤት ታድሶ በታኅሣሥ 2017 ተመርቋልና ሁለቱን በአንድ ቀን በአንድ ጉብኝት ማያያዝ ይቻላል።

ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ብዙ አንልም። ጥር 1954 ዓ.ም. የግብጽን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፈን፣ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለበት ሜዳ ነው። አባት ልጁን እሑድ ኳስ ይዞት የሚሄድበት ቦታ ነበር። ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም በመጥፋቱ ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ የአንድ ትውልድ ልጆች ዋሊያዎቹን በአካል ሳያዩ አድገዋል። የስታዲየሙ እድሳት ከመናፈሻ ባልተናነሰ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ካዛንቺስ ሌላም ነገር ነበረው፤ ሙዚቃ። በመላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ ከአዝማሪ ቤትነት ተነስቶ የባህል ማዕከል ሆኖ፣ የውጭ ጎብኚ ከሆቴሉ ወጥቶ በእግሩ የሚመጣበት፣ ሥዕል የሚታይበት፣ እስክስታው ሌሊቱን የሚደምቅበት ቤት ነበር። በ2017ቱ ማንሳት ካዛንቺስን ለቅቋል። ለፈንድቃና ለመሰሎቹ በአዲሱ ካዛንቺስ ቦታ ይሰጥ እንላለን። መብራቱ ያማረ መንገድ የሚጫወትበትና የሚዘፍንበት ሰው ከሌለ ጎብኚውም ፎቶ አንስቶ ይሄዳል እንጂ አይቆይም። በቀን ደግሞ ማሲንቆና ክራር ልጆች እየነኩ የሚማሩበት ጥግ ቢኖር ወላጅ በደስታ ይዞ ይመጣል።

ከነዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን መንገዱን ለመኪና መዝጋት ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ጎዳናዎች ለእግረኛ ሲለቀቁ ምን እንደታየ ሁሉም ያስታውሰዋል። ልጆች አስፋልት ላይ ጠመኔ ይዘው ሣሉ፤ ሽማግሌዎች መሐል መንገድ ላይ ቆመው አወጉ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ይህን የጀመረችው በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በየእሑዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ለብስክሌትና ለእግረኛ ትለቃለች። ቦጎታም እንደ እኛ ከፍታ ላይ ያለች፣ በመኪና የተጨናነቀች፣ ድሀ የበዛባት ከተማ ናት። እኛ የምንጠይቀው ከዑራኤል እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም እስከ አፍሪካ አዳራሽ ያለው መንገድ ብቻ በየሳምንቱ እሑድ እስከ ቀትር ለቤተሰብ እንዲለቀቅ ነው። የንግድ ቤቶች ይጎዳሉ የሚል ሥጋት አለ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ጁስና ሳምቡሳ፣ ለልጁም ፊኛ የሚገዛ ሰው ነው፤ በመኪናው ሽው ብሎ የሚያልፈው አይገዛም።

እሑድን የሚመራ አንድ አካል የለም። መናፈሻው በአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሙዚየሙ በሌላው፣ መንገዱ በሦስተኛው፣ አውቶቡሱ በአራተኛው እጅ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ቤተሰቡ መሐል ላይ ይቀራል። የከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጋር ተቀናጅቶ ይህን ይረከብ። የሚከፈትበትን ሰዓት፣ የሚከፈለውን ዋጋና የአውቶቡሱን መነሻ በአንድ ገጽ አትሞ በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በገላን ጉራ ይለጥፍ። ከመጪው እንቁጣጣሽ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ይጀመር።