«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት ጌጁ የት አለ?

ያቤሎ ውስጥ ጠዋት አልነሳ ያለ የናፍታ መኪና ይዛችሁ ጋራዥ ስትገቡ የምትሰሙት ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ኮምፕሬሽን የለውም፤ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ።» በጆሮና በጭስ ተገምቶ የሚሰጥ ፍርድ ነው። በእኔም መኪና ላይ ተፈርዶ ነበር።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሳይለካ ሞተር አይውረድ።

ናፍታ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን አምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲያግለው ነው። እመቃው ከላላ ሞተሩ አይነሳም፤ እውነት ነው። ግን ባትሪ ሲደክም፣ የማሞቂያ ካንዴላ ሲቃጠል፣ የናፍታው መስመር አየር ሲስብም አይነሳም። ኮምፕሬሽኑ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ጌጅ እንጂ ጆሮ አይደለም።

ሥራው ግቢ ውስጥ ያልቃል። ባትሪውን መሙላት፣ ሞተሩን ማሞቅ፣ ናፍታውን መዝጋት፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ መፍታት፤ ከዚያ ጌጁን በየሲሊንደሩ እያሰሩ በሞተሪኖ ለጥቂት ሰከንድ ማዞርና ቁጥሩን መጻፍ። የቤንዚን ሞተር ጌጅ ግን አይሆንም፤ የናፍታ ግፊት ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ይሰብረዋል።

ጌጅ ያለው መካኒክም የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የመኪናው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል አየር ነው። ያቤሎ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጤነኛ ሞተርም በዚያው ልክ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። አንዱ ብቻ ከወረደ ባልቮላ ወይም ፋሻ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ከወረዱ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

የእኔ ስድስቱም ከ27 እስከ 28 ባር አሳዩ። ጥፋቱ የተቃጠሉ ካንዴላዎች ሆነ። ሞተሩ ወርዶ ቢሆን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር። በድርቅ ወራት ውሃና መኖ የሚያመላልስ መኪና ከአዲስ አበባ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሳምንታት ቆመ ማለት፣ ከብት ሞተ ማለት ነው።

ጥፋቱ የመካኒኮች ብቻ አይደለም። ለመለካት ክፈሉ ስንባል የምንሸሽ፣ ለማውረድ ግን ተበድረን የምንከፍል እኛው ነን። ከብቱ ላለቀበት ወገን ቡሳ ጎኖፋ የምናዋጣ ሰዎች፣ ለአንድ የጋራ ጌጅ ማዋጣት አያቅተንም።

እስከዚያው የመለኪያውን ክፈሉ፤ የሁሉንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ ይውረድ ከተባለ ይውረድ።