ለበጋ የትኛው፣ ለክረምት የትኛው?

ባለፈው ሳምንት የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ከካንዮን ተመልሶ ሁለት ክንዶቹን ዘረጋልኝ። «አባዬ፣ እስቲ አሽትትና የቱን ልግዛ?» አለኝ። በአንዱ ክንዱ በ1988 የወጣው ኩል ዋተር፣ በሌላው በ1996 የወጣው አኳ ዲ ጆ ተረጭቶበታል።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁበት መዓዛ ጠጅ ሳርና አሪቲ ነው። ቢሆንም አሸተትኩ። አኳ ዲ ጆ ሎሚ ሎሚ፣ ባሕር ባሕር ይላል። ኩል ዋተር ደግሞ በናናና በላቬንደር ይጀምርና ቆየት ሲል ወደ ሰንደልና ትንባሆ ይሞቃል። ሁለቱም መንፈስ የሚያድሱ ናቸው፤ ወቅታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሙቀት ሽታን ከቆዳ ላይ ቶሎ ያስነሣል። ስለዚህ ለበጋ፣ ለትምህርት ቤትና ለአውቶቡስ ሎሚ ሎሚ የሚለው ይሻላል፤ በሐምሲን ቀን ሰው አያፍንም። በብርድ ጊዜ ሽታ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ቀለል ያለው ከካፖርት ሥር ጠፍቶ ይቀራል። ለክረምትና ለማታ ሠርግ ሞቅ የሚለውን ያዙ። ስትገዙም በወረቀት አትፍረዱ፤ ክንዳችሁ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ለስግድ ግን ሁለቱንም ቤት ተዉአቸው። ጾመኛ ትከሻ ለትከሻ በቆመበት ሽቶ ራስ ያዞራል።

ልጄ አኳ ዲ ጆውን ገዛ። በማግስቱ ጠዋት ሲረጭ ቆጠርኩ፤ ስምንት ጊዜ! ልቆጣ አልኩና ተውኩት። «ምነው ልጄ?» ብለው አቀረቀረ። ቆይቶ «ክፍል ውስጥ አንዱ ወጥ ወጥ ትሸታለህ አለኝ» አለ።

ለካ ጥያቄው የሽቶ አልነበረም! እኔም እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ሸሚዜን ደጋግሜ የማሸት ሰው ነበርኩ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእሱ ነገርኩት።

«ቁሌት የእናትህ ቤት ሽታ ነው፤ ይታጠባል እንጂ አይታፈርበትም» አልኩት። ከዚያ ተስማማን፦ ወጥ ሲሠራ የማድ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ሹራቡ መኝታ ቤት ይሰቀላል፣ ታጥቦ ሁለት ጊዜ ብቻ ይረጫል። አስተማሪውን ማነጋገር የእኔ ፋንታ ሆነ፤ ሄጄም አነጋገርኩ።

እናንተም ልጃችሁ ሽቶ ሲያበዛ ካያችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት። ምናልባት የሚሸፍነው ነገር ይኖር ይሆናል።

በሰላም ሰንብቱ።