መደጋገም ማስረጃ አይሆንም

ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተወራ ቁጥር አንድ አባባል አይጠፋም፦ ማሽኑ ኢንተርኔቱን ያንብብ፣ ብዙ ቦታ ተደጋግሞ ያገኘው እውነት ነው። የሚሉት ነገሩን የማያውቁ ቢሆኑ ዝም ባልኩ ነበር። የሚያናድደው ባለሙያዎቹ ማለታቸው ነው። መደጋገም ከመቼ ወዲህ ነው ማስረጃ የሆነው? አሉባልታስ ይደጋገም የለም እንዴ?

ነገሩ እኮ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ቶም ሚቸል የመሩት ቡድን «ኔል» የተባለ ሥርዓት ሥራ አስጀመረ። ቀን ከሌት ድረ ገጽ እያነበበ፣ ያገኘውን በየዓይነቱ እየመደበ ዕውቀት እንዲያከማች ነበር የታሰበው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ 390,000 ያህል መረጃ ሰብስቦ ትክክለኛነቱ 87 በመቶ ተገመተ። በቁጥሩ የተደነቀ ብዙ ነው። ቀሪውን 13 በመቶ አስሉትማ! ከ50,000 በላይ ስሕተት፣ ከትክክለኛው ጋር ተደባልቆ።

የሚብሰው ደግሞ ስሕተቱ መዋለዱ ነው። ኔል ኬክና ብስኩት የመሳሰሉትን ሲለይ መጀመሪያ ላይ ደህና ይሠራ ነበር። በኋላ ግን ብሮውዘር ኮምፒውተራችን ላይ የሚያስቀምጣቸውን «ኩኪስ» የተባሉ ትንንሽ ፋይሎች ከሚበላው ኩኪስ ጋር መደባቸው። ሰው «ኩኪሱን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ» ብሎ ይጽፋል፤ «ፋይሉን አጠፋሁ» ብሎም ይጽፋል። አባባሉ ስለተመሳሰለ ፋይልም ከኬኩ ተርታ ገባ። አንዱ ስሕተት ለሌላው ምስክር ሆነ ማለት ነው። ችግሩ የታየው ማሽኑ ተጨማሪ ገጽ ስላነበበ አይደለም፤ ሚቸል ራሳቸው ዝርዝሩን ሲመለከቱ ነው። «ብዙ ቢያነብ ይታረም ነበር» የሚል ካለ፣ ያነበበው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ገጽ እንደነበር ይወቅልኝ።

ወደ እኛ ስንመጣ ጉዳቱ ይከፋል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ማርች 1 ቀን 1896 ይላል። ቀኑ አንድ ነው፣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው የሚለየው፤ ይህን የእኛ አገር ተማሪ ያውቃል። በብዛት የሚፈርድ አንባቢ ግን 1888ን ስሕተት ብሎ ይጥለዋል፣ በአማርኛ የተጻፈው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነውና። በዚህ አካሄድ ጥቂት የጻፈ ሕዝብ በገዛ ታሪኩ ላይ እንኳ ይረታል። ይህን ዕድገት ብሎ የሚያቀርብልኝን ሰው ልሰማው አልችልም።

ለኮምፒውተሩ ገንዘብ ሲመደብ ለሚያርመው ሰው ደመወዝም አብሮ ይመደብ። ለአማርኛው የታሪክ መምህር ይቀጠር፣ የቋንቋ ባለሙያ ይቀጠር። እያንዳንዱ መረጃም ከየት እንደተገኘና ማን እንዳረጋገጠው ይጻፍበት። ይህ ሳይደረግ «አንብቦ ተምሯል» ቢሉኝ አልቀበልም።