ርእሰ አንቀጽ፦ ሰው ያወጣልን ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን ሰው የሚጠራበት ስም ሁሉ ከመልአክ የመጣ አይደለም፤ ጎረቤት በንቀት ያወጣው፣ ዘመን ያጸናው፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ራሱ ያመነበት ስም አለ። የዛሬው አሳባችን ስለዚህ ዓይነቱ ስም ነው።

በግልገል በለስና በአካባቢዋ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ራሱን «በጋ» ይላል፤ ትርጓሜውም «ሰው» ማለት ነው። ደገኛው ግን ለብዙ ዘመን «ሻንቅላ» ሲለው ኖሯል። ይህም ቃል የመልክ መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ ሰውን አድኖ መሸጥን እንደ ነውር እንዳይቈጠር ያደረገ ቃል ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሻረ፤ ቃሉን ግን ዐዋጅ አልሻረውም።

ስድብ በጆሮ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቅርበው ነበር። አብዛኞቹ ነጩን መረጡ፤ መጥፎ የሚመስለው የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቁም ጥቁሩን አሳዩ። ሌላው ስለ እነርሱ የሚያስበውን ገና ፊደል ሳይቈጥሩ ተምረውት ነበር።

እኛስ ዘንድ? ከግልገል በለስ የመጣ ተማሪ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲባል «ጎጃም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መተከል እስከ ደርግ ዘመን ድረስ የጎጃም ክፍል ስለ ነበረ መልሱ ፍጹም ሐሰት አይባልም። ሆኖም እንዲህ የሚመልሰው ታሪክን አስቦ ሳይሆን የጠያቂውን ፊት ፈርቶ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ፣ ብዙው ሰው ኢትዮጵያዊ ለመባል የሌላውን ጭንብል ማጥለቅ፣ አንዳንዴም ስሙን መለወጥ እንደሚገደድ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥት ተለውጧል፤ የጉሙዝም ስም በክልሉ ስም ውስጥ ገብቷል። ጭንብሉ ግን ገና አልወለቀም።

ስም አውጪውም ቢሆን አይድንም። ሌላውን ዝቅ አድርጎ ራሱን የሚለካ ሰው፣ ያ ሌላው ቀና ባለ ጊዜ መለኪያው ይጠፋበታል። በመተከል ደገኛው ሁሉ በፈንታው «ቀይ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሏል። በ2013 ዓ.ም. በዚያ የልዩ ልዩ ወገን ንጹሐን ደም ሲፈስ፣ ብዙው ሰው የተገደለው በሠራው ሥራ ሳይሆን በተለጠፈበት ስም ነበር።

ስለዚህ ባልንጀሮቻችንንና መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሰውን ራሱን በሚጠራበት ስም እንጥራው፤ በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ አዳራሽ የንቀት ስም ሲነገር በሳቅ አንለፈው፤ መምህራንም በትምህርት ክፍል ይህን ታሪክ ሳይሸሽጉ ያስተምሩ። ከግልገል በለስ ለመጣው ወንድማችንና ለመጣችው እኅታችን ደግሞ አንድ ቃል አለን፦ «በጋ» ማለት ሰው ማለት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ስም ማንም ሊሰጣችሁ፣ ማንም ሊነሣችሁ አይችልም።