የጦር መሣሪያ ፈቃድና የመጠበቂያው ጊዜ

የጦር መሣሪያ በሕግ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው ያለው ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይገኙበታል። አንዱ አመልካቹ የሚጣራበት ሥራ ነው፤ ሌላው ፋይሉ ማንም ሳይነካው የተኛበት ጊዜ ነው። ማጣራቱ ሕይወት ያድናል። የፋይሉ መተኛት ግን ሕግ አክባሪውን ብቻ ያደክማል፤ ፈቃድ ያልጠየቀውን አይነካውም። ስለዚህ የቁጥጥር ጥንካሬ የሚለካው በመጠበቂያው ርዝመት ሳይሆን በጊዜው ውስጥ በሚሠራው ሥራና ማብቂያው አስቀድሞ በመታወቁ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ሲሆን ሥልጣኑን ለክልል ፖሊስ በውክልና መስጠት ይችላል። ሕጉ የአመልካቹን ዕድሜ፣ የወንጀል ታሪክና የአእምሮ ጤንነት እንዲታይ ያዛል፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ የሆነባቸውን አካባቢዎችም ከግምት ያስገባል። እነዚህ ነገሮች በአንድ ጠረጴዛ አይጣሩም። የአመልካቹን ጠባይና ጠብ የሚያውቀው ቀበሌው ነው፤ የወንጀል መዝገቡ ፖሊስ ዘንድ ነው፤ ጤንነቱን የሚመሰክረው ሐኪም ነው። ጊዜው የሚረዝመው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ነው።

በባሌ ደጋ ይህ ጉዳይ ተራ የቢሮ ሥራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸዋ ጦር ባሌን ሲይዝ ጠመንጃ የገዢውና የተገዢው መለያ ሆኖ ገባ። በ1955 ዓ.ም. የመሬትና የግብር በደል ያስነሳው ዐመፅ ዋቆ ጉቱን ከመሪዎቹ አንዱ አድርጎ እስከ 1962 ዓ.ም. ዘለቀ፤ መሣሪያውም ከሶማሊያ ይመጣ ነበር። በመንግሥት ደጅ ሰሚ ያላገኘ ሰው መሣሪያ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ እንደማያጣ ባሌ በራሷ ታሪክ አይታለች።

ቁጥጥር ፈጽሞ ሲጠፋ የሚከተለውንም አይታለች። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጥበቃው ላላ፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾና በጋይሳይ ዙሪያ፣ የደጋ አጋዘን በጥይት ተመትቶ ቁጥሩ በእጅጉ አሽቆለቆለ። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ እንስሳ በዚያ ክፉኛ የተመናመነው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማጣራቱና የመጠበቂያ ጊዜው ይቅር የሚለው ክርክር በባሌ ምድር አይጸናም።

የአሜሪካ ልምድ የነገሩን ሁለት ገጽታ ያሳያል። በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ልዩ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መሣሪያዎች ማስተላለፍ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ውሳኔውም ለዓመታት ብዙ ወራት ሲፈጅ ኖሯል። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማመልከቻው በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቅረብ ጀመረ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ይወሰኑ ነበር። የጀርባ ታሪክ ማጣራቱ አልቀረም፤ ያጠረው የወረቀቱ ጉዞ ነው። በሌላ በኩል በተራ ጠመንጃና ሽጉጥ ግዢ ማጣራቱ በሦስት የሥራ ቀን ካላለቀ በአብዛኛው ሻጩ መሸጥ ይፈቀድለታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቻርልስተን ከተማ ቤተ ክርስቲያን 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት መሣሪያውን ያገኘው በዚህ ክፍተት ነበር። ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የጊዜ ገደቡ ቢሮውን ማስገደድ አለበት እንጂ መሣሪያውን በራሱ መልቀቅ የለበትም። በባሌ ደግሞ ቢሮ ድረስ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ ከዲንሾ እስከ ሮቤ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሮቤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አንድ «ነገ ተመለስ» ገበሬውን የአንድ ቀን ሥራ ያሳጣዋል። ደጅ መጥናት ሲበዛም ጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚቀበል ሰው ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ማመልከቻ ሲገባ ቀን ያለበት ደረሰኝ መስጠት፣ የውሳኔውን ቀን ማስታወቅ፣ ቀኑ ሲያልፍ ጉዳዩን ወደ በላይ ኃላፊ ማሳለፍ፣ ክልከላውንም በምክንያት አስደግፎ በጽሑፍ መስጠት ነው። ከጦር መሣሪያው አዋጅ ጋር በአንድ ዓመት የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚታይበትን በር ከፍቷል፤ የክልል ቢሮዎችም ተመሳሳይ ግዴታ ሊኖርባቸው ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው በሞት የሚመጣ ዝውውር ነው። የቤቱ ጌታ ሲሞት ጠመንጃው እዚያው ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በዚያ ቤት ደግሞ ሐዘንተኛ ጎረምሳ ወይም ያልበረደ የደም ቂም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የወራሹ ጉዳይ እስኪወሰን መሣሪያው በደረሰኝ ፖሊስ ጣቢያ መቀመጥ አለበት። ቤተሰቡ ወዶ እንዲያስረክብ ግን መልሱ በስንት ቀን እንደሚመጣ ማወቅ ይኖርበታል፤ ቀኑን ያላወቀ ቤተሰብ ጠመንጃውን ጎተራ ሥር ይደብቀዋል።